አሮጊቷ ድመት ምግብ ስትተው

ውሪት 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት በሁዳዴ፣ ደብረ ዘይት በዋለበት ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ሳህኗን አሽትታ ዞር ብላ ሄደች። ማታም እንዲሁ። እማዬ «ጾም ይዛ ነው» ብላ ሳቀች። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እየተባለ ለሚተረትባት ፍጥረት እውነትም የሚያስቅ ነበር። በማግስቱ ግን ሳቁ ቀረ። «አርጅታለች እኮ ልጄ፣ ተያት በቃ» አለችኝ።

አምኜ ልተዋት ምንም አልቀረኝም። ኋላ ሲታይ ውሪት ምግብ አልጠላችም ነበር። ርቧታል። መብላት ነው ያቃታት። የአሮጊት ድመት ነገር ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። «አልፈልግም» እና «አልቻልኩም» ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ሁለቱን እንዴት እንደምለይ፣ ሐኪም እስኪያያትም ምን እንደማደርግ በተርታ ልንገራችሁ።

1. ሰዓቱን ጻፉ

መጨረሻ የበላችበትን ሰዓት ወረቀት ላይ አስፍሩት። «ትናንት ማታ መሰለኝ» አይሆንም። ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ካለ ሁሉንም ጠይቁ። እኛ ቤት እያንዳንዱ ሰው ሌላው ያበላት ይመስለዋል።

ሰዓቱ ለምን አስፈለገ? ድመት መብላት ስታቆም ሰውነቷ ያጠራቀመውን ስብ እያነሳ ወደ ጉበት ይልካል። የድመት ጉበት ደግሞ ያን ሁሉ ስብ ባንዴ መጨረስ አይችልም። ስቡ እዚያው ይከማችና ጉበቱን ሥራ ያስፈታዋል። ይህ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ወፍራም ድመት ላይ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መጠበቅ ለድመት አይሠራም።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ለሐኪም እደውላለሁ። እየቀማመሰች ከወትሮዋ ከግማሽ በታች ከሆነና ሁለት ሦስት ቀን ከቆየም እንዲሁ። ኩላሊት ወይም ስኳር እንዳለባት የሚታወቅ ከሆነ 24 ሰዓቱንም አልጠብቅም።

ጭራሽ ሰዓት የማይቆጠርባቸው ነገሮችም አሉ። አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ የጆሮዋ ውስጥ ወይም ድዷ ቢጫ ከሆነ፣ የኋላ እግሮቿ ድንገት ከከዷት፣ እያማጠች ሽንት ጠብ የማይልላት ከሆነ፣ ያኔውኑ ይዛችሁ ሂዱ። የሽንቱ ነገር ወንድ ድመት ላይ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ጎረቤት የአይጥ መርዝ አስቀምጦ ከሆነም አትጠብቁ። መርዝ የበላች አይጥ ራሷ መርዝ ናት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኜ የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ውጭ የምትወጣ ድመት ምግብ ስታቆም ጠባይዋም አብሮ ከተለወጠ፣ ለሃጯ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃታት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። በሽታው ድመትንም ይይዛል። አፏን ለማየት እጃችሁን እንዳትሰዱ። ክፍል ውስጥ ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ብዙ ጊዜ የአሮጊት ድመት ምግብ መተው ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ግን እወቁት።

2. ሳህኑ አጠገብ ቁጭ በሉ

ይህችን ነገር የሚያደርጋት ሰው የለም። ምግቡን አስቀምጠን እንሄዳለን። ስንመለስ ሳህኑ እንደሞላ ነው። «አልበላችም» እንላለን። እንዴት ሆና ነው ያልበላችው? የሚጠቅመው እሱን ማወቅ ነው።

ምግቡን አስቀምጡና ራቅ ብላችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። አታፍጥጡባት። ስልካችሁን እንደሚነካካ ሰው ሁኑ።

ውሪት እየሮጠች ነበር የመጣችው። ደረቁን ምግብ አንዷን ፍሬ አነሳች፣ ቀጭ አደረገች፣ ጮኸች፣ ሸሸች። ከዚያ ራቅ ብላ ቆማ ሳህኑን ታየው ጀመር። እንዲህ የምታደርግ ድመት፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ የምታኝክ፣ የጎረሰችው የሚወድቅባት፣ አፏን በመዳፏ የምትጠራርግ፣ ጥርሷን ወይም ድዷን አሟታል። ይህች «አልቻልኩም» ባይ ናት።

መጥታ፣ ምግቡን አይታ፣ ከንፈሯን እየላሰች ምራቋን ደጋግማ ከዋጠችና ፊቷን ካዞረች ደግሞ አቅለሽልሿታል። ኩላሊታቸው የደከመ ድመቶች እንዲህ ያደርጋቸዋል፤ የቆሽትና የአንጀት ሕመምም እንዲሁ። ኩላሊት አሮጊት ድመቶችን በጣም ከሚያጠቁት በሽታዎች አንዱ ስለሆነ ይህን ምልክት ካያችሁ ለሐኪሙ ቀድማችሁ የምትናገሩት እሱን ይሁን።

ሳህኑ ላይ ደርሳ ምንም እንዳልቀረበላት ዝም ካለች አፍንጫዋን እዩ። ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምላሷ ላይ ያሉት ጣዕም ለዪዎች ከሰው በጣም ያነሱ ናቸው። ጣፋጭ የሚባለውን ጣዕም ጭራሽ አታውቀውም። ጉንፋን አፍንጫዋን ከዘጋው ለእሷ ምግብ የለም ማለት ነው። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብቻውን ድመት ሲያበላ አይቻለሁ።

ወደ ሳህኑ የማትመጣ፣ የተኛችበት ስታመጡላት ግን የምትበላ ካለች መገጣጠሚያዋን ጠርጥሩ። ድሮ የምትዘለው ወንበር፣ የምትወርደው ደረጃ ዛሬ ተራራ ሆኖባታል። ወይም መንገዷ ላይ አዲስ ውሻ፣ አዲስ ድመት፣ አዲስ ሕፃን ቆሟል።

በተገላቢጦሽ ደግሞ ብዙ እየበላች የምትከሳ አሮጊት ድመት ጤነኛ እንዳትመስላችሁ። የእንቅርት ዕጢዋ ከልክ በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ሰው ግን «ጎበዝ፣ በደንብ ትበላለች» እያለ ይከርማል።

3. አፏን፣ አሸዋዋን፣ ኪሎዋን እዩ

የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱ። በጥርሱ ሥር ቀይ መስመር፣ ቡናማ ቅርፊት፣ አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ካለ አግኝታችሁታል። ድዷን በጣት ንኩት። እርጥብና ሙልጭልጭ መሆን አለበት፤ ጣት ላይ ካጣበቀ ውሃ አንሷታል። ቆዳ ሳብ አድርጎ የመልቀቁ ዘዴ ለአሮጊት ድመት አይታመንም። ቆዳዋ ድሮውንም ላልቷል።

የምትጸዳዳበትን አሸዋ ዕዩ። ሁለት ቀን ካካ ካልወጣት የሆድ ድርቀት ብቻውን ምግብ ያስተዋታል። በሽንት የረጠበው አሸዋ ከወትሮው ከበዛና ውሃም ካበዛች ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ስኳር ያመለክታል።

ኪሎዋን ደግሞ በዓይን አትገምቱ። ጸጉሯ ይሸፍንላታል። የሰው ሚዛን ላይ አቅፎ መውጣትም ያው ግምት ነው፤ 100 እና 200 ግራምን በትክክል አያሳይም። እኔ ቅርጫት ውስጥ አስገብቼ ሠፈራችን ባለው ሱቅ ሚዛን ነው የምመዝናት። ባለሱቁ «ኪሎው ስንት ነው?» እያለ ይቀልድብኛል። ከ4 ኪሎ ድመት ላይ 400 ግራም ሲቀነስ ከ60 ኪሎ ሰው ላይ 6 ኪሎ እንደ መቀነስ ነው። ቀልድ አይደለም።

4. ወጥ ቤት ግቡ

ሐኪም ዘንድ እስክትደርሱ ወይም ቀጠሮው እስኪደርስ የምታደርጉት ነው። እንደ ምትክ ሕክምና አትያዙት።

መጀመሪያ ምግቡን አሙቁት። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ አይሸታትም። ልክ በገዛ ሰውነቷ ሙቀት፣ 38 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሽታው ይነሳል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። እንደ ሕፃን ወተት የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ካልቀዘቀዛችሁም ካላቃጠላችሁም ልኩ ነው። በማይክሮዌቭ ካሞቃችሁ በደንብ አማስሉት፣ መሃሉ ያቃጥላል። መብራት ከሌለ ጎድጓዳውን ሳህን ፍል ውሃ ውስጥ አስቀምጡት።

ለመነሻ ከዶሮ የሚሻል አላገኘሁም። አንድ የዶሮ ጭን በሁለት ኩባያ ውሃ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ምንም፣ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪላቀቅ ቀቅሉ። አጥንቱን አንድም ሳታስቀሩ አውጡ። ሥጋውን በጣታችሁ ልክ እንደ ፍትፍት አድቅቁት። ጥርሷን ለሚያማት በመረቁ ፈጭታችሁ እንደ አጥሚት አቅጥኑት። የተረፈውን መረቅ አትድፉ። ድመት ውሃ ከምትጠጣው ይልቅ ከምግቧ የምታገኘው ይበልጣልና መረቁ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ስንት ትብላ? 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 200 ካሎሪ ያስፈልጋታል። 100 ግራም የተቀቀለ የዶሮ ደረት 165 አካባቢ ይሰጣል። እንግዲህ በቀን 120 ግራም መሆኑ ነው፤ ለማየት በጣም ትንሽ ነው። እሱንም ባንዴ አታቅርቡ። በመጀመሪያው ቀን በሻይ ማንኪያ አንድ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፤ ከበላች በየቀኑ ማንኪያውን ጨምሩ። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልበላች አንሱት። ቀኑን ሙሉ ፊቷ የሚከርም ምግብ፣ በተለይ ለሚያቅለሸልሻት፣ ጥላቻ ያስይዛታል። ዛሬ ያቅለሸለሻትን ሽታ ሲሻላትም አትረሳውም። በዚሁ ምክንያት ሐኪም ያዘዘውን ልዩ ምግብ በሕመሟ ቀን አትጀምሩት።

የተቀቀለ ዓሣ እሾሁ በጥንቃቄ ከወጣ ጥሩ ነው። ጥሬው ግን ይቅር፤ አንዳንዱ ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። የቆርቆሮ ቱና በውሃ የታሸገውን ከሆነ ከላዩ ጣል አድርጉላት፤ ቱና ብቻ ግን አይሆንም። የተቀቀለ እንቁላልም ያስኬዳል። ጉበት ትወዳለች፣ አውቃለሁ። ለማስጎምጀት አንዲት ቁራጭ ይበቃል። በየቀኑ ከሆነ ቫይታሚን ኤ እየተጠራቀመ አጥንቷን ይጎዳል። ሥጋ ቤቶች «ለድመት» ብለው የሚሸጡልን ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ምግብ አይሆናትም። ልብ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል፣ ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር አለው። ድመት ታውሪንን ራሷ በበቂ አትሠራውም፤ ሲያጥራት ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። ለዚህም ነው የቤት ዶሮ ለጥቂት ቀን እንጂ ለዘለቄታው የማይሆነው።

አሁን ወደ ሁዳዴ ልመለስ። 55 ቀን ሥጋ የማይገባበት ቤት ውስጥ ድመቷ ምን ትበላለች? ብዙ ቤት እንጀራ በሽሮ ነው። ወጣት ድመት ወጥታ አይጥ አድና ታካክሳለች። አሮጊት ግን የተሰጣትን ነው የምትጠብቀው። ሽሮው ደግሞ ሽንኩርት አለበት። እኛ ቤት ችግሩ ሥጋ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ እማዬ በጾም ድስቷን በዶሮ አታስነካም። መፍትሔው ቀላል ነበር። ለውሪት የራሷ ትንሽ ድስት፣ የራሷ ማንኪያ ተገዛ። ከቅበላ በፊት ዶሮ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ በበረዶ መሥሪያው ሳጥን ውስጥ ይቀዘቅዛል። በየጊዜው ሁለት ሦስት ኩብ አውጥቶ፣ አሙቆ፣ ከቋሚ ምግቧ ጋር መስጠት ብቻ ነው።

ሳህኑም ነገር አለው። ጎድጓዳውን ተዉና የስኒ ማስቀመጫ ላይ አቅርቡላት። አንገቷን ለሚያማት ከፍ አድርጉት፤ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይበቃል። ከምትጸዳዳበት አርቁት። በክረምት ደግሞ ሲሚንቶ ወለል ላይ አታብሏት፣ ብርዱ መገጣጠሚያዋን ይይዛታል። ቁራሽ ምንጣፍ ጣል አድርጉ።

5. የማይደረግ

ፓራሲታሞል አትስጧት። ደግሜ ልበለው፤ አንድ ኪኒን ድመትን ሊገድል ይችላል። ጉበቷ እንደ ሰው አያጣራውም። ኢቡፕሮፌንም ዳይክሎፌናክም እንዲሁ ናቸው። «አሟታል እኮ» ብሎ ግማሽ መስጠት ከፍቅር የሚመጣ ጥፋት ነው።

የወጥ ሥጋ አጥቦ መስጠትም አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳሉ። ቁሌቱ ደግሞ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፣ ታጥቦ አይወጣም። የታሸገ የሕፃን ምግብ ከገዛችሁ የሽንኩርት ዱቄት እንደሌለበት አንብቡ።

ወተት ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ላነሳት አሮጊት ተቅማጥ ጭራሽ የማያስፈልጋት ነገር ነው።

ዘይት በአፏ አታፍስሱ። ለድርቀትም ለመርዝም እየተባለ በየሠፈሩ ይደረጋል። ወደ ሳንባዋ ከገባ አዲስ በሽታ ሰጣችኋት ማለት ነው። በሲሪንጅ ማብላትም ሐኪሙ ካሳያችሁ በኋላ ብቻ ነው፤ ያኔም በጉንጯ ጎን፣ ጥቂት በጥቂት፣ ራሷን ወደ ላይ ሳታቀኑ። ታግላችሁ የምታበሏት ከሆነ አቁሙ። ምግብ ባየች ቁጥር የምትሸሻችሁ ድመት ታተርፋላችሁ።

6. ሐኪም ጋ

አዲስ አበባ ውስጥ ለውሻና ለድመት የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ። ከከተማ ወጣ ስትሉ ግን የእንስሳት ሐኪሙ ዋና ሥራ ከብት ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ ያላችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው፣ ጠይቁ። የትም ሂዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ «የድመት ደም ትመረምራላችሁ? ኩላሊት፣ ጉበት፣ ስኳር ታያላችሁ?» በሉ። ታክሲ ላይ በካርቶን የታሰረች ድመት ይዞ መመላለስ ለእሷም ለእናንተም አይበጅም። ካርቶኑን ብሱት፣ የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፉበት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሐኪም አፏን እንኳ ሳይከፍት ቫይታሚን ወግቶ «አርጅታለች» ብሎ ሸኘኝ። እማዬ ያለችውን ለመስማት ገንዘብ ከፈልኩ። ሁለተኛዋ ሐኪም ያየሁትን ሁሉ የጻፍኩበትን ወረቀት አነበበች። «ቀጭ አድርጋ ጮኸች» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና አለችና አፏን ከፈተችው። ሁለት የበሰበሱ ጥርሶች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ደግሞ ኩላሊቷም ደከም ብሏል። መጀመሪያ ውሃ ከቆዳዋ ሥር ተሰጣት፣ ከቀናት በኋላ ጥርሶቹ ተነቀሉ። ጥርስ አልባ ድመት እንዴት ትበላለች ብላችሁ አትስጉ። ከሚያም ጥርስ ባዶ ድድ ይሻላታል።

ማቅለሽለሽ ካለ ማሮፒታንት የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ድመቷን ወደ ሳህኗ ይመልሳታል። ፍላጎት ለመቀስቀስ ሚርታዛፒን ይሰጣል። የሰው የድብርት መድኃኒት ነው፤ ለድመት በጣም ጥቂት ነው የሚበቃት፣ በራሳችሁ ቆርሳችሁ አትሞክሩት። አሜሪካ ያላችሁ ጆሮ ላይ የሚቀባው ዓይነት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዶላችኋል፣ ኪኒን ለማዋጥ ከመታገል ያድናችኋል። ኩላሊታቸው ታሞ ለሚከሱ ድመቶች ደግሞ ካፕሮሞረሊን የሚባለው ፈሳሽ እዚያው በ2020 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ሐኪሙ የምግብ ቱቦ በአንገቷ በኩል እናስገባ ቢል አትደንግጡ። ሲያዩት ያስፈራል፤ ድመቷ ግን በአፏ ከመታገል ይልቅ ትለምደዋለች።

ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ አትውጡ፦ «ይህ የሚድን ነው ወይስ አብራው የምትኖረው?» መልሱ የምትገዙትን ምግብ፣ የምታወጡትን ገንዘብ፣ የምታለቅሱበትንም ጊዜ ይወስናል። የሚያማትን ካወቃችሁ፣ መድኃኒቱም ተሰጥቶ፣ ዶሮውም ሞቆ፣ እሷ ግን ከሳህኑ ብቻ ሳይሆን ከእናንተም ከሸሸች፣ ራሷን መላስ ከተወች፣ መጥፎው ቀን ከደጉ ከበዛ፣ ሳትሠቃይ እንድታርፍ ስለማድረግ ሐኪሙን ማናገር ነውር የለበትም። ያን ቀን እኔ ገና አላየሁትም፤ ስለዚህ ብዙ አልናገርም።

7. መብላት ስትጀምር

በፌሽታ ሳህን እንዳትሞሉ። መጀመሪያ ቀን የሚያስፈልጋትን ሩብ ያህል፣ በማግስቱ ግማሽ፣ እንዲህ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። ወደ ቋሚ ምግቧ ስትመልሷት ከዶሮው ጋር እየቀላቀላችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ውሰዱ። በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን መዝኗት። የምትጽፉበትን ደብተር አትዝጉ።

ውሪት ዘንድሮም ሁዳዴ ገብቶባታል። በቀን አምስት ጊዜ በስኒ ማስቀመጫ ትበላለች፣ ባለፈው ቅዳሜ ሱቅ ስመዝናት 3 ኪሎ ከ200 ነበረች። ማክሰኞ ከሥራ አምሽቼ ስገባ እማዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «የት ቆየሽ? ድስቷን ጥጄልሻለሁ፣ ዶሮውን አንቺ ነሽ የምትነኪው። ልጅቷ ርቧታል።»